በገናን ወደ ኢየሩሳሌም ባለመላክ ረገድ ስለ ተደረገልኝ ትብብር የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የባሕር ማዶ ዕቃ መላኪያ ቢሮ ሹም፤
አራዳ።

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተ ሰብዎ፥ በቅሎዎ፥ ማኅተምዎ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ፥ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ። ወገቤም ቢሆን የታመመው ቁመቱ ደረቴ የሚደርስ በገና ተሸክሜ የቢሮዎን ደረጃ ስድስት ጊዜ በመውጣትና ስድስት ጊዜ በመውረድ ስለ ሆነ፥ ሕመሜን እንደ ማዕረግ ቈጥሬ በየሄድሁበት አወራዋለሁ።

እኔ ዶሮ ማነቂያ የምኖር፥ ለሰው አቤቱታ እየጻፍሁ የማድር ሰው ነኝ። በብዕሬ የጠፋ በሬ ተገኝቷል፥ የተጣሉ ባልና ሚስት ታርቀዋል። ለራሴ ጉዳይ ለቢሮዎ ማመልከቻ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነበርና፥ ብዕሬ ለባለቤቱ እንደማይሠራ ያወቅሁት በእርስዎ ቸርነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያሳደጉኝ አጎቴ አባ ገብረክርስቶስ ኢየሩሳሌም ገዳም ከገቡ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሲሄዱ በገናቸውን እኔ ዘንድ ትተውት ነበር። አምና በሰው እጅ ባስጻፉት ደብዳቤ ዓይናቸው ፈጽሞ መጥፋቱን ነግረውኝ፥ «ዳዊቴን ማንበብ ከቀረብኝ በጣቴ ልድገመው፤ በገናዬን ለሁዳዴ አድርስልኝ፤ ከዚህኛው ሁዳዴ ወዲያ ያለውን አላውቅም» አሉኝ። እኔም በኅዳር ወር ወደ እርስዎ መጣሁ። ሁዳዴ የሚገባው በመጋቢት ስለ ነበረ፥ የቸኮልሁ መስሎኝ አፍሬም ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

፩ኛ። ጸሐፊዎ አቶ መድኃኔ በገናውን በሜትር ለክተው፥ ዋጋው በክብደቱ ሳይሆን መርከቡ ላይ በሚይዘው ስፍራ እንደሆነ፥ ስለዚህም በሁለቱ ቋሚ እንጨቶች መካከል ላለው ባዶ ቦታ ጭምር እንደምከፍል ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ አየር የእግዚአብሔር ይመስለኝ ነበር። ብልህ ነኝ ባይ ስለ ሆንሁም፥ ከከፈልሁለት አይቀር ባዶውን ልሙላው ብዬ አንድ ቍና በርበሬ አስገባሁበት። ይህን የሰሙ ጎረቤቴ ወይዘሮ የሺዓለም እዚያው ኢየሩሳሌም ላሉት ወንድማቸው ድርቆሽ አመጡ፤ አንዷ ሽሮ፥ አንዱ ለጎልጎታ የተሳለውን ጧፍ፥ አንዱ ደግሞ ለማን እንደሆነ ሳይናገር አንድ ጋቢ ጨመረ። ሰፈራችን ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ዕቃ መኖሩን ሰምቶ ባዶ እጁን አይቀመጥም፤ እኔም እምቢ ማለት አላውቅበትም። በሦስተኛው ቀን በገናው ከሥር መኖሩን የምናውቀው በእምነት ብቻ ነበር። አቶ መድኃኔ ክምሩን ዞር ዞር ብለው አይተው፥ «ይህማ በገና አይደለም፥ ጓዳ ነው፤ የምግብ ፈቃድ ይዘህ ና» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

፪ኛ። ምግቡን አራግፌ ስመለስ፥ እርስዎ ራስዎ ከወንበርዎ ተነሥተው፥ የበገናው ሆድ በበሬ ቆዳ የተለበጠ መሆኑን በማስተዋልዎ አደንቅዎታለሁ። ዕቃው በቆዳ ንግድ ሥር ስለሚወድቅ በሬው ጤነኛ እንደ ነበረ የሚመሰክር ወረቀት አምጣ ባሉኝ ጊዜ፥ ነገሩ ትክክል መስሎኝ ወደ ቆዳ ነጋዴው ወደ ኢስሃቅ ሄድሁ። እርሱም ቆዳውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ፥ «ጌታው፥ ይህ በሬ ከታረደ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ጤንነቱን የሚመሰክርልዎ የበላው ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም በሕይወት ካገኙት ነው» አለና ሻይ አስቀዳልኝ። ከዚያ በኋላ በሬውን ማን እንደ በላው ሁለት ቀን ሙሉ ስጠይቅ መዋሌን ለማንም አልተናገርሁም፤ ለእርስዎ ግን አልደብቅም።

፫ኛ። ያለ ወረቀቱ ስመለስ አቶ መድኃኔ አዝነውልኝ፥ ተፈትቶ በጥቅል ቢመጣ ዋጋው በግማሽ እንደሚቀንስ መከሩኝ። ቤቴ ገብቼ ዐሥሩን አውታር ፈታሁ፥ ቋሚዎቹን ነቀልሁ፤ ሥራው እንዲህ ሲቀልልኝ እጄ ሙያ ያለበት መስሎኝ ኰራሁ። ጥቅሉን ሳቀርብ ግን፥ መዝገቡ «በገና» ስለሚል እንጨትና ጅማት መቀበል እንደማይቻል ተነግሮኝ፥ ገጥሜ እንዳሳይ ታዘዝሁ። ደረጃዎ ላይ ተቀምጬ ስገጥም ዋልሁ። የወጣልኝ ነገር ወንበር ይመስል ነበር፤ አንድ መንገደኛም ዋጋውን ጠየቀኝ።

እማሆይ አዳነች ያገኙኝ ያን ጊዜ ነው። እኒህ መነኵሲት በጥምቀት ማግስት በባቡር ተነሥተው ኢየሩሳሌም ሊሳለሙ ነበር። «አንተ ሰው፥ እንጨት ታቅፈህ ምን ያስተክዝሃል?» አሉኝ። ነገርኋቸው። «አይ ልጄ! አገሩ ሁሉ አደራውን እኔ ላይ ሲጭን አንተ የት ነበርህ?» አሉ። እኔማ እዚሁ ነበርሁ። የሠለጠንሁ ሰው ነኝና፥ ማኅተም ያለው ቢሮ ሳለ ዕቃን በመንገደኛ መላክ የኋላ ቀር ሥራ ይመስለኝ ነበር። እርሳቸው ግን ርዝመቱንም የበሬውንም ጠባይ ሳይጠይቁ የገጠምሁትን መልሰው ፈቱት፥ በነጠላ ጠቅልለው አዘሉትና ሄዱ።

ባለፈው ሳምንት ከአጎቴ ደብዳቤ መጣልኝ። «በገናዬ በቅበላ ዋዜማ ደረሰ። አውታሩን በዳበሳ አሠርሁት፤ ጣቴ አልረሳም። ፈትተህ በመላክህ ደግ አደረግህ፤ አንድ በአንድ ሳውቀው ሰነበትሁ። አሁን ሌሊቱ አይረዝምብኝም» ይላል። ለምን እንደ ፈታሁት አልጻፍሁላቸውም።

ክቡር ሆይ፥ ደረጃዎን ዓይኔን ጨፍኜ የምወጣው፥ ማኅተምዎን ከሩቅ የምሳለመው፥ በቢሮዎ ደጅ ሁለት ወር ሙሉ ትዕግሥትን በነጻ የተማርሁት፥ ዕድሜዎን ከወንበርዎ ጋር እንዲያረዝምልዎ የምለምነው ትሑት ደንበኛዎ፥

ዓምደሚካኤል ከተማ
ሚያዝያ ፬ ቀን ፲፱፻፳፩ ዓ.ም.

ተጨማሪ ቃል፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ የቢሮዎ መልእክተኛ መጥቶ፥ የበገናው መላኪያ ፈቃድ መውጣቱን የሚገልጽና ከፋሲካ በኋላ በገናውን ይዤ እንድቀርብ የሚያዝ ወረቀት ሰጠኝ። በፋሲካ አጎቴ በገናውን እስከሚመጣው ሁዳዴ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። ፈቃድዎም ከጎኑ እንዲሰቀል በሚቀጥለው ተሳላሚ እጅ እልክላቸዋለሁ፤ ምንም የማይመዝን ወረቀት ስለ ሆነ ለማንም አይከብድም።