ሽንት ያልነካው ፊኛ

ጥቅምት 4
ላብራቶሪ ውስጥ ዛሬም አይጥ፣ ዛሬም ሽንት። የሁሉንም አይጦች የሽንት ፊኛ ውስጠኛ ሽፋን ፍቀን አንስተናል። ለግማሾቹ ሽንቱ እንደ ድሮው ይገባል፤ ለግማሾቹ በሌላ መንገድ ወደ ውጭ አዙረነዋል። ሽፋኑ የቱ ላይ ቶሎ ይተካል? ጥያቄው ይኼው ነው። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ሽታዬ አስመርሯት ተነስታ ሄደች። ይመቻት፣ ተንፈላስሼ መጣሁ።

ጥቅምት 11
ሽንት ያልነካው ፊኛ ሽፋኑ ወፍሯል! ጥናቱን የሚመሩት ፕሮፌሰር በደስታ ሊያብዱ ነው። ቤት ገብቼ ለአባዬ ነገርኩት። የሱም ፊኛ ቆስሎ፣ ሽንቱ እያቃጠለው፣ ከቤት መውጣት ካቆመ ቆየ። ሐኪሙም እኚሁ ፕሮፌሰር ናቸው።
"ታዲያ ለኔም አያዞሩልኝም?"
"ቆይ እስቲ አባዬ፣ ገና አይጥ ነው።"
"አይጥ ከዳነማ..." ብሎ ሳቀ። ከሳቀ ስንት ጊዜው?

ጥቅምት 19
ጉድ ሆንን። ባዶ ፊኛ እኮ ይጨማደዳል! ሽንት ስለማይገባበት ተኮማትሮ ነው ሽፋኑ የወፈረ የመሰለን። ዛሬ ከቀሩት አይጦች ሽንት ያልነካቸውን ፊኛዎች በጨው ውሃ ሞልቼ፣ ወጥሬ ቆረጥኳቸው። ከሌሎቹ በምንም አይለዩም። እንዴት አላሰብነውም? ወፍሮ እንድናየው ስለፈለግን ነዋ።

ጥቅምት 20
ለፕሮፌሰሩ አሳየኋቸው። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው ቆዩ። ከዚያ...
"ሁለት ሦስት አይጥ ምን ያሳያል? ጥናቱን የማቀርብበት ስብሰባ ደርሷል።"
"ለአባቴ ሽንቱን ለማዞር የቀጠሩለት ኦፕሬሽንስ?"
"አባትሽ ወስነዋል።"
ወስነዋል! ማን አስወስኗቸው?

ጥቅምት 21
አባዬን ለመንኩት። ተሳስተናል አልኩት፣ ትንሽ ቆይ አልኩት። "ስለምትሳሺልኝ ነው" ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። እህቴ ደግሞ ከጓዳ፣ "በሞቴ አታሟርቺ! አንቺ ከሳቸው ልትበልጪ ነው?"
ሟርተኛዋ እኔ ሆንኩ።

ኅዳር 2
አደረጉለት።

ኅዳር 16
ስብሰባው ላይ አዳራሹ አጨበጨበላቸው አሉ። ስሜን ከጥናቱ አውጡልኝ ብዬ ነበር። "እንደፈለግሽ" አሉኝ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ።

ኅዳር 24
ሕመሙ እንዳለ ነው። አሁን ደግሞ ሽንቱ ከጎኑ በተንጠለጠለ ከረጢት ይጠራቀማል፤ የምደፋለት እኔ ነኝ። "ሽፋኑ እስኪተካ ነው" ይላል፣ እየጠበቀ። ዛሬ የቀድሞ የሥራ ባልደረባው ሊጠይቀው መጣ። አባዬ ሸሚዙን ገልጦ ከረጢቱን አሳየው።
"የልጄ ጥናት እኮ ነው!" ፊቱ በራ።
ሰውየው ወደኔ ዞሮ፣ "እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ" አለኝ።
አሜን አልኩ።