ገመዱ ላይ የታሰረው ጨርቅ

አብኔር፣

እኔ ኢታንግ ተመድቤ ወጥቻለሁ። ክልል ሆነን የራሳችን የግብርና ቢሮ ቢከፈትም የመስክ ድንኳን ገና አልመጣም፤ ነገ ለከብት ክትባት አቦቦ ስትሄድ ዛፍ መሃል የምንሰቅላትን የመረብ አልጋ ውሰድ።

ብርድ ልብሴን ጣልኩት። አሰጣዋለሁ ብለህ ወስደህ፣ እርጥቡን ጠቅልለህ አልጋህ ስር ወሽቀኸው ኖሯል። በአራት ቀኑ ሻግቶ የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል። ሦስቴ ታጥቤም እጄ ይከረፋኛል።

የዝናብ ሸራውን ከአልጋዋ በላይ ዝቅ አድርገህ ወጥረው። ሸራ ብቻውን ግን አያድንም፤ ውሃው ከዛፉ ወርዶ የአልጋዋን ገመድ ተከትሎ ይገባል። ባለፈው ገመዱ ላይ ጨርቅ ያሰርኩት ውሃው እዚያ ላይ ተገትቶ መሬት እንዲንጠባጠብ ነበር። አንተ የአድባር ስለት መስሎህ፣ እየጸለይክ ፈትተህ እሳት ውስጥ ጨመርከው። እኔ እንደ ሽምብራ ተዘፍዝፌ አደርኩ።

ጠዋት ገበሬዎቹ ፊት ስለ ሃይማኖትህ የተናገርኩት…
እሱ ይቅር።

አሁን በሁለቱም ጫፍ አዲስ ጨርቅ አስሬልሃለሁ። ለወንድሜ ሰርግ ካስቀመጥኩት ነጭ ሸሚዝ ነው የቀደድኩት። እንዳትፈታው። መጸለይ ካማረህ እንደታሰረ ጸልይበት።

ረታ