ወረፋ ላይ ሲስቅ የተገኘ ታካሚ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ምግብዎ የሚጣፍጥ፣ ጠዋት ከአልጋ መውረድም እንደ ዳገት የማይከብድዎ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ሦስቱም ምን ያህል ጸጋ እንደሆኑ ካጣኋቸው በኋላ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ምኞቴን እንደ ተራ ሰላምታ እንዳይቆጥሩብኝ።

እኔ ከጤና ጣቢያው አጥር ማዶ ባለችው ጠባብ ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋ ልብስ ሰፊ ነኝ። በስም ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ ባለፈው ወር ወረፋ ላይ ስስቅ ያገኙኝ ታካሚ ነኝ ብል ግን ወዲያው ትዝ እንደምልዎት አልጠራጠርም። ጥበቃው ለሁለት ቀን ሊጠይቁት መጥተው እዚያው ስለከረሙት አማቱ ሲያጫውተን፣ እርስዎ መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰቅለው በኮሪደሩ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩኝና ወደ ሐኪሜ ክፍል ገቡ። ተራዬ ደርሶ ስገባ፣ እኔ ስለዳንኩ የድባቴ መድኃኒቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ መቆሙና ክኒኑም የእውነት ለታመሙ ሰዎች መዛወሩ ተነገረኝ። ሐኪሟ አንገቷን ደፍታ ነው የነገረችኝ፤ እሷን አልተቀየምኳትም። ሌሎች በደምና በሽንት የሚደክሙበትን ምርመራ እርስዎ ቆመው በአንድ እይታ መጨረስዎ ለሠፈራችን ኩራት ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አስፍሬ አቀርባለሁ።

፩. በክኒኑ ስንደላቀቅ የኖርኩ እንዳይመስልዎ፣ ያደረሰብኝን ልንገርዎት። አፌ ኩበት ሆኖ ከረመ። ማዛጋቴ ስላላባራ ልጆቻቸውን ሊያስለኩ የሚመጡ ወላጆች አብረውኝ እያዛጉ ይወጡ ነበር። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ መርፌ ላይ ክር የምታስገባልኝ ባለቤቴ ነበረች፤ ከወፈርኩም ወዲህ የገዛ ሱሪዬን ወገብ ፈትቼ ስቀጥል ኖሬያለሁ። በመኝታ በኩል የሆነውን ባለቤቴ ታውቀዋለች፤ እርስዎ ባያውቁት ለሁላችንም ይሻላል። የአጎቴ ቀብር ላይ ደግሞ ዕንባ አሻፈረኝ ብሎ እንደ ባዳ ደርቄ በመቆሜ፣ አክስቴ እስከ ዛሬ በሙሉ ዓይኗ አታየኝም። ከዚህ ሁሉ ስለገላገሉኝ እግዜር ይስጥልኝ።

፪. ጥቅሙን በተመለከተ፣ ክኒኑ ደስታ የሚባል ነገር አምጥቶልኝ አያውቅም። ያመጣልኝ ተነሥቶ ፊት መታጠብን፣ ሱቅ መክፈትን፣ ሰው ሲጠራኝ አቤት ማለትን ነው። አንድ ነገር ግን አለ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደጅ ላይ ቆማ፣ አባዬ ዛሬ እንዴት ዋለ ብላ እናቷን በሹክሹክታ ሳትጠይቅ ወደ ቤት አትገባም ነበር፤ መልሱ ደህና ካልሆነ ጫማዋን አውልቃ በእግሯ ጣቶች እየረገጠች ታልፈኛለች። መድኃኒቱን ከጀመርኩ ከወራት በኋላ አንድ ቀን ማንንም ሳትጠይቅ እየሮጠች ገብታ፣ ቦርሳዋን ወርውራ፣ መምህሯ ሰሌዳ ሊያጠፉ ሲንጠራሩ ሱሪያቸው እንዴት እንደተተረተረ እያሳየች አጫወተችኝ። እርስዎ የያዙት ሳቅ የተጀመረው ያን ቀን ነው።

፫. ሐኪሟ መድኃኒቱ የሚቆም ከሆነ እሷ እየተከታተለችኝ ቀስ በቀስ እንደሚቀነስ፣ በአንዴ እንዳላቋርጠው ከመነሻው አስጠንቅቃኝ ነበር። እርስዎ ጊዜዬን ላለማባከን በአንድ ቀን ገላገሉኝ። አሁን አንገቴን ባዞርኩ ቁጥር ጭንቅላቴን ኤሌክትሪክ እንደያዘው ነገር ይነዝረኛል፣ ወለሉ ይዞርብኛል፣ እንቅልፍም ሸሽቶኛል። የአንድ ክፍል ተማሪዎችን እጅጌ በሙሉ ገልብጬ ሰፍቼ መልሼ እየተረተርኩ ስለሆነ፣ ሥራ ፈት እንዳልሆን ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ።

፬. በወረፋው አግዳሚ ወንበር ላይ ስላስተከሉት አዲስ ሥነ ሥርዓትም ሳላደንቅዎት አላልፍም። የእኔ ነገር ከተወራ ወዲህ ታካሚው ሁሉ ከበሩ ሲደርስ ፊቱን አጨፍግጎ ነው የሚገባው። ያ አማቱን የሚያማ ጥበቃ ጨዋታውን ትቶ፣ የእርስዎ ቢሮ በር ሲከፈት ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ያኔ አግዳሚው በሙሉ አንገቱን ይደፋል። ስንት ዘመን ራሳቸውን ጥለው የኖሩ አንዲት ጡረተኛ መምህርት፣ መድኃኒቱ ቢረዳቸው ከንፈራቸውን ቀለም መቀባት ጀምረው ነበር፤ አሁን በር ላይ በመሐረብ ጠርገውት ይገባሉ፣ ሲወጡ ይቀቡታል። ሐኪሟን ተሽሎኛል የሚላት ሰው ጠፍቷል። የተሻለው ሰው እንደ ሌባ የሚደበቅበትን ጤና ጣቢያ ከእርስዎ በቀር ማን ሊያቋቁም ይችል ነበር?

፭. ከትናንት ወዲያ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ደጅ ላይ ቆማ እናቷን በሹክሹክታ ስትጠይቅ ሰማሁ። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች። ለዚህኛው ነጥብ ምስጋና አላዘጋጀሁም።

ክቡር ሆይ፣ ደክሞኛል፤ ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ እንኳ ስንቴ ብዕሩን ጥዬ እንደተኛሁ ባለቤቴ ምስክር ናት። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ መድኃኒቴን ይመልሱልኝ፣ መቆሙንም ሆነ መቀጠሉን ለሐኪሟ ይተዉላት። ሰኞ ጠዋት አግዳሚው ላይ ያገኙኛል። ስለ ፊቴ አያስቡ፤ ሌሎቹ በር ላይ የሚለማመዱትን እኔ ከቤቴ ይዤው እመጣለሁ።

በአንድ እይታዎ የተፈወስኩ፣ በዚያችው እይታ ተመልሼ የታመምኩ፣ ሲያልፉ ከመቀመጫዬ ለመነሣት ግን አሁንም የምሞክር፣

የአጥር ማዶው ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ለአግዳሚው ወንበር ታካሚዎች በሙሉ (ሲያነቡት እንዳይስቁ)

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ መነጽርዎን ከግንባርዎ አውርደው እስከዚህ ድረስ ያለ ችግር ካነበቡ፣ ዓይንዎ ድኗልና እንኳን ደስ ያለዎት። መነጽሩን ዛሬውኑ ያስረክቡ፤ የእውነት ለማያዩ ሰዎች ይዛወራል።