ልጄ ዐሥር ከዐሥር ስላገኘችበት መልስ

ግንቦት 3 ቀን 1971 ዓ.ም.
አርብ ገበያ፣ ታች ጋይንት

ለተከበሩ ጓድ ደሞዝ፣ የልጆቻችን የፖለቲካ ትምህርት መምህርና ፈተና አውጪ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ክንድዎ እንዴት ነው? በመጋቢት ወር አለንጋውን ለአብዮት ጠባቂው ከማስረከብዎ በፊት የመጀመሪያዎቹን አምስት በራስዎ እጅ ስላሳረፉብኝ፣ ትከሻዎን እንዳያምዎ ቤተሰቤ በሙሉ ሲጨነቅ ከርሟል። እኔ አርብ አርብ ገበያው ዳር ተቀምጬ ለባላገሩ ማመልከቻ የምጽፈው ይርጋ ወልደ ሰንበት፣ ምስጋና ለእርስዎ ይሁንና፣ በሆዴ መተኛት ለምጃለሁ።

ይህን ደብዳቤ በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ በር ላይ የለጠፍሁት ድፍረት አግኝቼ አይደለም። ያደረጉልኝ ሁሉ በአደባባይ ስለሆነ፣ ምስጋናውን በፖስታ አሽጌ ብልክልዎ ውለታ መካድ እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው። ነገሩን ላልሰማ ገበያተኛም እንዲገባው በተራ በተራ አስረዳለሁ።

አንደኛ፤ ስድስተኛ ክፍልን ሲፈትኑ «በቤታችሁ ያለ አንድ ፀረ ሕዝብ ጥቀሱና ምክንያቱን አብራሩ» የሚል ጥያቄ አወጡ። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ሐረገ ወይንም፣ ጥያቄ ባዶ መተው ነውር መሆኑን ስላስተማርኋት፣ ብዙ አስባ «አባቴ ነው፤ ስብሰባ ላይ ግራ እጁን አንሥቶ መፈክር ያሰማል፤ ቤት ሲገባ ግን ያንኑ እጁን በአመድ እያሸ ይታጠባል» ብላ ጻፈች። ዐሥር ከዐሥር ሰጧት። ስለ አስተራረምዎ አስተያየት መስጠት ባይገባኝም፣ እኔ ማመልከቻ ስጽፍ ቅጂ የማወጣበትን የካርቦን ወረቀት የምይዘው በግራ እጄ መሆኑን፣ ካርቦንም ጣት እንደሚያጠቁር፣ ሰውም እራት ከመብላቱ በፊት እጁን እንደሚታጠብ ማንኛውንም ገበያተኛ ጠይቀው ሊረዱ ይችሉ ነበር። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል፤ እርስዎ ጥሬውን መርጠው ሙሉ ማርክ ሰጡት።

ሁለተኛ፤ ትምህርት ያለ ተግባር ከንቱ ነው በሚለው እምነትዎ መሠረት፣ በማግስቱ አስይዘውኝ ከትምህርት ቤቱ ባንዲራ እንጨት ሥር በሆዴ አስተኝተው የትምህርት መርጃ መሣሪያ አደረጉኝ። ባለቤቴ ብርቄ «ኧረ የልጅ ነገር ነው ጌታዬ፣ ስለ እመብርሃን!» እያለች እግርዎ ላይ ስትወድቅ በጫማዎ ገፋ አደረጓት፤ እስከ ዛሬ ሁለት ጥርስ ይጎድላታል። ግርፋቱን ጮክ ብላ እንድትቆጥር የተመረጠችው ደግሞ፣ በፈተናው አንደኛ የወጣች ናትና፣ የገዛ ልጄ ነበረች። ዐሥራ ሰባት ላይ ድምፅዋ ተቋረጠ። እርስዎም ቁጥር ሲዘለል የማይወዱ መምህር ስለሆኑ ከአንድ እንድትጀምር አዘዙ። ሁለተኛ ጊዜ ሠላሳ አደረሰችው። እኔ መሬቱን ነክሼ የጸለይሁት ስለ ጀርባዬ አልነበረም፤ እንዳትሳሳት ብቻ ነበር።

ሦስተኛ፤ ግርፋቱ ሲያልቅ ግራ እጄን ድንጋይ ላይ አስዘርግተው በጠመንጃ ሰደፍ አስቀጠቀጡት። ሦስቱ ጣቶቼ ተሰባብረው እንደ ጅማት ተጣመው ቀርተዋል። ቀኝ እጄን ስለተዉልኝ ግን እግዜር ይስጥልኝ፤ ይህን የምጽፍልዎ በእርሱ ነው። አንድ ነገር ልናዘዝልዎ። ያኔ ያጠብሁት ካርቦን ነበር። ዛሬ ልጄ የጻፈችው ሁሉ እውነት ሆኗል፤ መፈክርዎን ከእጄ ብቻ ሳይሆን ከአጥንቴ ፍቄ ባወጣው ደስ ይለኛል። ሰውን ባላሰበው ነገር ቀጥቶ እንዲያስበው ማድረግ ትልቅ የማስተማር ችሎታ ነው።

አራተኛው ጉዳይ ግን ለምስጋናም አይመችም። ሐረገ ወይን ከዚያን ቀን ወዲህ ትንፍሽ አላለችም። ጸበል ወሰድናት፤ አልተናገረችም። ውሃ አሙቃ፣ የተሰበረውን እጄን ጧትና ማታ ታጥብልኛለች፤ ቀና ብላ ግን አታየኝም። አልተቆጣሁሽም፣ ልጄ ነሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም እላታለሁ፤ ሰምታ ውሃውን ደፍታ ትሄዳለች። ጓድ ደሞዝ፣ እጄ ይቅርብኝ። ልጄን ግን ገድለዋታል፤ ቆማ ስትሄድ የሚያያት ሰው ያልሞተች ይመስለዋል።

አሁንም የልጄ ወረቀት የአርአያ መልስ ተብሎ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ የፊታችን አርብም ሌሎቹ ልጆች ያንኑ ጥያቄ በዚያው አርአያ እንደገና ሊፈተኑ ነው አሉ። ስለዚህ በትሕትና የማመለክተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወረቀቱን አውርደው፣ ልጆቹ ሁሉ ባሉበት፣ መልሱ ስሕተት ነበር ብለው ዜሮ ይስጧት። ማርክ ይጨመርልን ብለው ለሚያመለክቱ ወላጆች ብዙ ጽፌያለሁ፤ ለልጁ ዜሮ የሚለምን አባት ግን እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። ዜሮዋን ከአፍዎ ከሰማች ምናልባት ትናገር ይሆናል።

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይሉ ነበር አባቶቻችን። ንጉሡስ ወርደዋል፤ መምህር ይከሰስ እንደሆነ ለማየት ነው ስሜን ሳልደብቅ የጻፍሁት።

ዕድሜና ጤና፣ የማይዝል ክንድም እየተመኘሁልዎ፣ ጀርባው እስኪሽር ድረስ ጎንበስ ብሎ እጅ ለመንሣት ያልቻለው የትምህርት መርጃ መሣሪያዎ፣

ይርጋ ወልደ ሰንበት

ማሳሰቢያ፤ ልጅዎ አሰለፈች ከሐረገ ወይን ጋር በአንድ ዴስክ እንደምትቀመጥ የሰማሁት ትናንት ነው። ብልህ ልጅ ናት አሉ፤ ያየችውንም የሰማችውንም አትረሳም። እርስዎ በርዎን ዘግተው ከባለቤትዎ ጋር ምን እንደሚያወጉ እኔ አላውቅም። አርብ ያንኑ ጥያቄ የምትመልሰው እሷ ናት፤ ዐሥር ከዐሥር ታገኝ ዘንድ ከልቤ እመኝላታለሁ።