በዛፍ ጥላ ሥር የተነበበ ሙቀት

ቀን፦ ሚያዝያ 11

ለአየር ጠባይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የሙቀት መለኪያው ሳጥን ከዛፎቹ ጥላ ወጥቶ ገላጣ ሜዳ ላይ እንዲተከል ለአራተኛ ጊዜ ስለማመልከት

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች በጣቢያችን ግቢ የሙቀት መለኪያ በማንበብ ሃያ ሁለት ዓመት አገልግያለሁ። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ አመልክቼ ሦስት ጊዜ መልስ ስለተጻፈልኝ፣ መልስ ተነፈግሁ ብዬ አልከስም። የጎዳኝ መልሱ ነው።

1. እንደሚታወቀው በከተማችን ደንብ መሠረት የጣቢያው ንባብ በቀኑ ስድስት ሰዓት አርባ ዲግሪ ከሞላ፣ ፀሐይ ላይ የሚሠራ ሁሉ እስከ አሥር ሰዓት ሥራ ያቆማል። ቁጥሩን አንብቤ በስልክ የማስተላልፈው እኔ ነኝ። የጡብ ማምረቻው ፎርማን በየቀኑ ስልኬን ይጠብቃል። ባለቤቴ እዚያ ጡብ ተሸካሚ ነበረች። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ፤ የኔው ግን በስልክ ያስጥላል» እያለች በጓደኞቿ ፊት ትቀልድብኝ ነበር። ሥራ ስጀምር አርባ የሚሞላው በዓመት አንድ ሁለት ቀን ነበር፤ ከአምስት ዓመት በፊት ሃያ ስድስት ቀን ደረሰ።

2. በዚያው ዓመት ስለ አየር ንብረት ለውጥ በተዘጋጀ በዓል ላይ እንግዶች መጡ። ግቢው በፎቶ ላይ ባዶ እንዳይመስል ተብሎ በሳጥኑ ዙሪያ ስድስት ችግኝ ተተከለ። ሦስተኛውን የተከሉት እርስዎ ነዎት፤ ዛሬ ከጣቢያው ጣሪያ አልፏል። ጠዋትና ማታ ውኃ እንዳጠጣ በቃል አዘዙኝ፤ አጠጣሁ። ሳጥኑ ከዛፍ ርቆ መቆም እንዳለበት የሚናገረው መመሪያ በመሳቢያዬ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ጥላው ደስ ብሎኝ ነበር። ምሳዬን እዚያው ተቀምጬ እበላለሁ፤ አየሩ ቀዝቀዝ ማለቱን ገላዬ እያወቀው፣ ቴርሞሜትሩ ላይ ያየሁትን ጽፌ እፈርማለሁ። ይህ የራሴ ጥፋት ነው፤ ለማንም አላካፍለውም።

3. ባለፈው ዓመት አርባ የሞላው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ጽሕፈት ቤቱም የአካባቢያችን ሙቀት መቀነሱን በሪፖርት አስታውቆ የምስክር ወረቀት ተሸለመ፤ ወረቀቱ ከወንበርዎ ጀርባ ተሰቅሏል። ቁጥራችን ባሕር ተሻግሮ ከሌላው ዓለም ቁጥር ጋር እንደሚደመር ነግረውናል። እንግዲህ ምድር ስትነድ እኛ ከጥላ ሥር ሆነን «ደህና ነን» ብለን ጽፈናል ማለት ነው።

4. ባለፈው ዓመት መጋቢት 20 ቀን በስድስት ሰዓት ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ሦስት አነበብኩ። ፎርማኑ ስልኩን ሳይዘጋ «አልሞላም! ቀጥሉ!» ሲል ሰማሁት። በስምንት ሰዓት ባለቤቴ ጡብ እንደተሸከመች ወደቀች። ደርሼ እጇን ስይዘው እንደ ጡቡ ይፋጅ ነበር። ከመምሸቱ በፊት አረፈች።

ሐኪሙ በሙቀት መሞቷን ጽፎ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ በዕለቱ አርባ ዲግሪ አለመሙላቱን በደብዳቤ ሲገልጽለት ሰርዞ «የልብ ድካም» አለው። ከደብዳቤው ጋር በማስረጃነት የተያያዘው ቅጽ በእኔ እጅ የተጻፈና የተፈረመ ነው።

5. በመጀመሪያው መልስዎ ዛፎቹ የአየር ንብረት ለውጥን ስለሚከላከሉ ቅርንጫፍ መቁረጥ እንደሚያስቀጣ ገለጹልኝ። በሁለተኛው፣ ሳጥኑን ማንቀሳቀስ የመረጃውን ተከታታይነት ያዛባል አሉኝ። ከዚያ አሮጌ ቴርሞሜትር ተውሼ ዘጠኝ ቀን ሜዳ ላይ ለካሁ፤ በየቀኑ ከሁለት እስከ ሦስት ዲግሪ ይበልጥ ነበር። ሦስተኛው መልስ ያልተፈቀደ መሣሪያ በመጠቀሜ የተጻፈ ተግሣጽ ነው። ቴርሞሜትሩም ተወርሷል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም ሞኙ ይኸው እንደገና ጻፍኩ።

6. በእናቷ ቦታ ትልቋ ልጃችን ገብታለች። እንዳትገባ ለምኛት ነበር። «አባዬ፣ ታናናሾቼ ምን ሊበሉ ነው? ቁጥር?» አለችኝ።

7. በያዝነው ወር ሦስተኛው ቀን ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት አንብቤ አርባ ብዬ አስተላለፍኩ። ያን ቀን ሠራተኛው ሁሉ አረፈ፤ ልጄም ቤት ገብታ ተኛች። ሳጥኑ ውስጥ ያለው በራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ ግን አጋለጠኝ። በሐሰተኛ ንባብ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፤ ከደገምኩ እሰናበታለሁ። ብሰናበትም ሳጥኑ እዚያው ጥላው ውስጥ ይቀራል።

ስለሆነም ካሳ አልጠይቅም፤ የተሰጠኝንም ማስጠንቀቂያ አልቃወምም። የምለምንዎ ሳጥኑ ሃያ እርምጃ ወደ ሜዳው እንዲወጣ ነው። ጉድጓዱን ራሴ እቆፍራለሁ፤ የሚያስፈልገኝ የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። የባለቤቴም ወረቀት ሐኪሙ መጀመሪያ እንደጻፈው እንዲመለስልኝ፤ ልቧ ደካማ አልነበረም።

ይህን አቤቱታ የጻፍኩት የዛሬውን የስድስት ሰዓት ንባብ ካስተላለፍኩ በኋላ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ነበር። እንደታዘዝኩት ምንም አልጨመርኩም። ልጄ ሥራ ላይ ናት።

ከቀረኝ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የጣቢያው ሙቀት አንባቢ