የሬሳ ማሳረፊያው ድንጋይ ወደ መስቀለኛ መንገዳችን ይመለስልን

ኅዳር 7 ቀን 1987 እ.ኤ.አ.

ለአውራጃው የቅርስና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለክቡር አቶ ዴክላን ፊናን

ጉዳዩ፦ ከኪልዳራግ መንደር የተወሰደው ድንጋይ ወንድሜ ሳይሞት እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ዴሊያ ጌራቲ የኪልዳራግ ነዋሪ ነኝ። ባለፈው በጋ ሠራተኞችዎ ጠፍጣፋውን ድንጋያችንን ከመስቀለኛ መንገዱ ነቅለው ወደ ከተማው ሙዚየም ወስደዋል። ሄጄ አይቼዋለሁ። በመስታወት አጥራችሁታል፤ ጽሑፉም «ጥንታዊ ድንጋይ፣ አገልግሎቱ ያልታወቀ» ይላል። የሚያውቅ ሰው አልጠየቃችሁማ።

1. ድንጋዩ የሬሳ ማሳረፊያ ነው። ሣጥኑን ከቤት እስከዚያ የሚሸከመው ዘመድ ነው። ከድንጋዩ አንስቶ እስከ መቃብር የሚያደርሰው ግን ከሟቹ ጋር የተኳረፈ ሰው ነው፤ ጠቡም አብሮ ይቀበራል። አባቴን ከዚያ ያነሱት በድንበር የከሰሱት ጎረቤታችን ነበሩ። ልጆቻቸው ዛሬም ቤቴ ይመጣሉ።

2. ወንድሜ ፌስተስ ሳንባውን ታሞ ተኝቷል፤ ሐኪሙ ለገና አይደርስም ብሎኛል። ፌስተስና ጎረቤታችን ኮልማን ቲርኒ ደርቆ የሚማገድ አፈር በሚቆረጥበት ረግረግ የተነሳ ተጣልተው፣ ከተኳረፉ ወዲህ ልጆቻቸው አድገው ወልደዋል። ታረቁ ብላቸው ሁለቱም እምቢ አሉ፤ ሰዎቹ እንደዚያ ናቸው። ባለፈው እሑድ ግን ኮልማን የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠብቆኝ፣ «ዴሊያ፣ ድንጋዩ ከሌለ እኔ ከየት ላነሳው ነው?» አለኝ። ለፌስተስ ብነግረው፣ «ያ ግትር! በሕይወቴ አንድ ቀን አላገዘኝም፤ አሁንማ አይቀርለትም፣ ይሸከመኛል» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ሳሉ አላስተነፍስ አለው። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

3. ለመጀመሪያው ማመልከቻዬ ጽሕፈት ቤትዎ «የቅርስን ዋጋ እንዲረዱ» የሚል መልስ ልኮልኛል። ለቀባሪው አረዱት አሉ! በቦታው የተከላችሁትን የሲሚንቶ ድንጋይ ደግሞ መልሳችሁ ውሰዱት። ማንም ሬሳ አላረፈበትም፣ አያርፍበትምም።

ስለዚህ ድንጋዩ በአስቸኳይ ወደ ቦታው እንዲመለስ እጠይቃለሁ። ሞት የእናንተን ስብሰባ አይጠብቅም።

ካልተመለሰ እኛው ወደ ድንጋዩ እንመጣለን። ዘመዶቹ ፌስተስን ተሸክመን እስከ ሙዚየምዎ እናደርሰዋለን፤ በጎብኚዎቻችሁ መካከል አልፈን ድንጋዩ ላይ እናሳርፈዋለን። ኮልማን ከዚያ ያነሳዋል። ከከተማ እስከ መቃብራችን መንገዱ ሩቅ ነው ብዬ ስነግረው «ይሁን» ብሎኛል። የመስታወቱን ቁልፍ የያዘ ሰው በዕለቱ ከቦታው እንዳይጠፋ ከወዲሁ በትሕትና አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣ ያለ ልምምጥ

ዴሊያ ጌራቲ
(ፊርማ)

ከዚህ በታች የፈረመው ተሸካሚው ነው፦
ኮልማን ቲርኒ
(ፊርማ)