ለፈረስ በዓል የተገለበጡ ግመሎች

ጥር 19
ቤቱን ወረቀት ስለጥፍ ዋልኩ። ለፈረሰኞች በዓል የባሌ የይኸነው ዘመዶች ከአዘና ይመጣሉ። ጋዜጣ አነሰኝ... ከአማቴ ከአባባ አድማሴ አልጋ ሥር ጥቅላቸውን አወጣሁ። ድሬዳዋ ምድር ባቡር ሲሠሩ ያመጧቸው ሦስት የድሮ ማስታወቂያዎች። ሰው በባቡር በረሃ እንዲጎበኝ ይጋብዛሉ። አሸዋ፣ ባቡር፣ ግመል። ለፈረስ በዓል ግመል ምን ይሠራል? ገልብጬ በዱቄት ሙጫ ለጠፍኳቸው። ጀርባቸው ነጭ ነው፣ ያምራል። አባባ እንደሆኑ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ለማያይ ሰው ሥዕል ምን ያደርግለታል?

ጥር 23
እንግዶች መጡ። "ቤትሽ እንዴት በርቷል!" አለች የባሌ እህት እታለማሁ። አባባ ስለ ማስታወቂያው የተለመደውን ጀመሩ። "ሥዕሉ ዳር ቀይ ባንዲራ የያዘው እኔ ነኝ። ፈረንጁ አቁሞ ነው የሣለኝ።" ይህን ሲሉ ግመሎቹን ተደግፈው ነበር።

የካቲት 4
ዳንግላ የዓይን ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች መጥተዋል አሉ። ይኸነው አባቱን አስመዘገበ። ደስ አለኝ... አለኝ?

የካቲት 8
ተገፈፈላቸው። በሚኒባስ ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ዛፍ ሲቆጥሩ መጡ አሉ። ቤት ገብተው መጀመሪያ እኔን አዩ። "ከስተሻል" አሉኝ። ቀጥለው "ነገ ሥዕሌን ታወጪልኛለሽ።"

የካቲት 9
ሰው ሳይነሣ ግድግዳውን በሞቀ ውሃ አራስኩ። አንዱ ከነጭቃው ወረደ። ሁለተኛው ተበጣጠሰ። ሦስተኛው ግማሹ ተረፈ... የግመሎቹ ጭንቅላት ግድግዳው ላይ ቀረ። ዞር ስል አባባ ቆመዋል።
"እኔ ነኝ የለጠፍኩት። አያዩም ብዬ ነው።" አለቀስኩ። አፈርኩ።
የተረፈውን ወደ መስኮቱ ይዘው ሄዱ። ባንዲራ የያዘው ሰው አለ። አውራ ጣት ያህላል፤ ዓይንም አፍንጫም አልተሣለለትም። ብዙ አዩት።
"እኔ አይደለሁም" አሉ።
"እንዴ?"
"ጓደኛዬ ምንይችል ነው። ያን ቀን እኔ ወባ ጥሎኝ ተኝቼ ነበር። እሱ እዚያው በረሃ ቀረ። መጀመሪያ የእሱን አወራ ነበር፣ ሰው አይሰማኝም። እኔ ነኝ ስል ሰሙኝ።"
ሻይ አፈላሁ።
"ለማንም አትንገሪ" አሉ።
"እርስዎም።"

መጋቢት 2
ይኸነው የተረፈውን ፍሬም አስገባው። በበሩ ትይዩ ሰቀልነው፣ ግመሎቹ ያለ ጭንቅላት። ዛሬ እታለማሁ መጣች።
"ውይ! ማን ቀደደው?"
"አይጥ" አሉ አባባ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ።
ቀረብ ብላ አፈጠጠችበት። "ይሄ ሰውዬ ፊት የለውም እኮ። አባባ መሆናቸው በምን ይታወቃል?"
አባባ ወደ እኔ አዩ።
"ትከሻውን አታዪም?" አልኳት። "ቁርጥ እሳቸውን!"